«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ከሚለው ወረቀት ሥር

ቴፒ ላይ የገዛሁት የቡና መፈልፈያ ገና በመጀመሪያው ቀን አበገነኝ። በእጅ የሚዞር ነው፤ እሸት ቡናው ከላይ ይገባል፣ ልጣጩ በአንድ በኩል ፍሬው በሌላ በኩል ይወጣል። የእኔው ግን ፍሬውን እየሰነጠቀ ከልጣጩ ጋር ቀላቅሎ ይተፋዋል። የተሰነጠቀ ቡና ማን ይገዛኛል? ጓሮዬ ሙሉ ቀልቶ ለቀማ ላይ ነኝ፤ የተለቀመ እሸት ደግሞ ሳይፈለፈል ካደረ ይበላሻል። የዓመት ልፋቴ ነው።

በማግሥቱ መፈልፈያውን ከአንድ ቅርጫት እሸት ጋር በባጃጅ ጭኜ ሱቁ ደረስኩ። ባለሱቁ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ በጣቱ ግድግዳውን አሳየኝ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። «እትዬ፣ ማንበብ ይችላሉ አይደል?» አለኝ።

ማንበብማ እችላለሁ። ጆሮም አለኝ። የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ሰው በቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የሸጠ ወይ ይቀይራል ወይ ገንዘብ ይመልሳል፣ የለጠፈው ወረቀት አያድነውም ሲል ሰምቻለሁ። ይህንኑ ነገርኩት። «እንግዲያው ይክሰሱኝ» ብሎ ሳቀብኝ።

ይሄኔ ጎረቤት ነጋዴዎች ለሽምግልና ገቡ። እኛ ዘንድ ሽምግልና ከዚህም ከዚያም ቆርጦ ማስማማት ይወዳል። «አንቺም ተይ፣ እሱም ይተው፤ ማስጠገኛውን እኩል ቻሉ» አሉኝ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

«አባቶቼ፣ እርቅ ለተጣላ ነው» አልኳቸው። «እኔ ገዛሁ እንጂ አልተጣላሁም። ያላጠፋሁትን ጥፋት ምን ብዬ እካፈላለሁ?»

የገበያ ቀን ነበር። መፈልፈያውን በሩ ላይ ገትሬ እሸቱን ጨምሬ ማዞር ጀመርኩ። ሰው ከበበኝ። ያንኑ ዕቃ ሊገዛ የመጣ አንድ ገበሬ ከመሬት የተሰነጠቀ ፍሬ አንስቶ አገላብጦ አየና ገንዘቡን ወደ ኪሱ መለሰ።

«እትዬ፣ ይግቡና ውስጥ እንነጋገር» አለ ባለሱቁ፤ ሳቁ ጠፍቷል።

«እዚሁ ጥሩ ነው» አልኩት።

ሌላ አወጣልኝ። እሱንም በሩ ላይ አዞርኩት፤ ፍሬው ሙሉ ሙሉውን ወረደ። ከዚያ በኋላ ነው ባጃጅ የጠራሁት። ገበሬው ቅርጫቴን ይዞ፣ «እቴ፣ እሸቷን ተዪልኝ፤ የኔንም ልሞክር» አለኝ። ከነቅርጫቱ ተውኩለት።

የዚያ ዓመት ቡናዬ አንድም ቀን ሳይፈለፈል አላደረም። ወረቀቱን ባለሱቁ እስካሁን አላነሳውም። ከሥሩ ግን በገበያ ቀን የእሸት ቅርጫት አይጠፋም፤ ሳያዞር የሚገዛ የለም።