በከረሜላ ብልቃጥ ውስጥ የነበረው እንግዳ

ባለፈው ሰሞን ከመሳለሚያ ታክሲ ተሳፍሬ ወደ ቤቴ ስመለስ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ጉልበቱ ላይ አንድ ውሃ የሞላ ፌስታል ይዞ ነበር፤ ውስጡ ሁለት ብርቱካንማ ዓሣዎች ይዋኛሉ። ታክሲው በተንገጫገጨ ቁጥር ፌስታሉን እንደ ሕፃን እቅፍ ያደርገዋል። ቋጠሮው ላልቶ ኖሮ ጥቂት ውሃ ቀሚሴና እጄ ላይ ፈሰሰና ልጁ ይቅርታ እያለ ሊጠርግልኝ ሲጎነበስ ሽታው አፍንጫዬ ገባ፤ የቆየ ውሃ፣ የረጠበ ጠጠር፣ ትንሽ ሣር ሣር የሚል። ስንት ዘመን ያልሸተተኝ ሽታ! ሳላስበው «ልጄ፣ ቤት ሌሎች ዓሣዎች ካሉህ እነዚህን ወዲያው እንዳትቀላቅላቸው» አልኩት። አሮጊትና ዓሣ ምን አገናኛቸው ብሎ ይሆናል፣ ዞር ብሎ አየኝና «ስንት ጊዜ ላቆያቸው፣ ማዘር?» አለኝ። «ከሚካኤል እስከ ሚካኤል» ስለው ሳቀ። ልጁ የሚስቅበት ምክንያት ነበረው፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

ይህን ሕግ የሰማሁ ጊዜ ገና የወተት ጥርሴን እየነቀልኩ ነበር። እናቴ ጎጃም ሞታ፣ የሚያሳድገኝ ሰው ጠፍቶ፣ ለንግድ ከሚመላለስ የአገራችን ሰው ጋር በአውቶቡስ ተጭኜ መርካቶ አጎቴ ዘንድ መጣሁ። አጎቴ ጋሼ መኩሪያ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ፤ ከተክለ ሃይማኖት ብዙ ሳይርቅ አቡጀዲና ካኪ የሚሸጡበት ሱቅ፣ ከሱቁ ጀርባ ደግሞ ከሚስታቸው ከእትዬ ብርቄና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩበት ግቢ ነበራቸው። ባዶ እጄን መጣሁ ብዬ አልዋሽም፤ ጣቶቼ መሐል እከክ፣ ራሴ ላይ ቅማል፣ ሆዴ ውስጥ ወስፋት ይዤ ነው አዲስ አበባ የገባሁት። እትዬ ብርቄ ሊስሙኝ ጎንበስ ካሉ በኋላ እጄን አዩና ቀና አሉ።

ክፉ ሴት አልነበሩም። ከዓመታት በፊት ከገጠር የመጣ የዘመድ ልጅ ቤታቸው አድሮ፣ ትንሿ ልጃቸው ኩፍኝ ተጋብቶባት ቀብረዋታል፤ ይህን ያወቅኩት ግን ካደግኩ በኋላ ነው። ያን ዕለት የሰማሁት ንግግራቸውን ብቻ ነበር። ጋሼ መኩሪያ «የእህቴ ልጅ ደጅ ትቁም እንዴ?» ሲሏቸው «ለዓሣዎ የተጠነቀቁትን ያህል ለልጆችዎም ይጠንቀቁ። ከሚካኤል እስከ ሚካኤል ለብቻዋ ትቆይ» አሉ። ሕጉን ያወጡት ጋሼ ራሳቸው ነበሩ።

የዓሣው ነገር እንዲህ ነበር። ጋሼ መኩሪያ ፒያሳ ወፍና ዓሣ ከሚሸጥ አንድ ግሪክ የገዙትን የመስታወት ገንዳ ሱቃቸው ውስጥ፣ የጃንሆይ ፎቶግራፍ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር አስቀምጠው ነበር። አቡጀዲ ሊገዛ የገባ ባላገር ሁሉ የመጣበትን ረስቶ ገንዳው ፊት ይቆማል፤ ለፍልሰታ ጾም ነው ወይ የሚቀለቡት ብሎ የማይጠይቅ አልነበረም፤ ጋሼም ሳይሰለቹ «እነዚህ የዓይን እንጂ የሆድ አይደሉም» ይሉ ነበር። እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ ቀን ጅራቱ እንደ ሻሽ የሚዘናፈል አዲስ ዓሣ ገዝተው ሲመጡ፣ እንግዳ ደጅ አይቆምም ብለው ከነመጣበት ውሃ ገንዳው ውስጥ ገለበጡት። ብዙም ሳይቆይ ዓሣዎቹ ሁሉ ጨው የተነሰነሰባቸው ይመስል ነጭ ነጥብ በነጥብ ሆኑ፤ ገላቸውን ከጠጠሩ ጋር ሲያሻሹ ሰነበቱና አንድ በአንድ እየተገለበጡ ተንሳፈፉ። ግሪኩ ሲጠየቅ ሳቀባቸው አሉ። የዓሣ እከክ ነው፤ በዓይን የማይታይ ተባይ ከእንግዳው ገላ ላይ ይወርድና ውሃው ሥር ተራብቶ ሌላ ገላ ይፈልጋል፤ ስለዚህ አዲስ ዓሣ ወር ያህል በሌላ ዕቃ፣ በሌላ ውሃ ለብቻው ይቀመጥ፣ እሱን የነካ ጣሳም እጅም ሳይታጠብ ወደ ገንዳው አይግባ አላቸው። ጋሼ በየወሩ በአሥራ ሁለት የሚካኤልን ጽዋ የሚጠጡ ማኅበርተኛ ስለነበሩ፣ ቀኑ እንዳይምታታባቸው ከሚካኤል እስከ ሚካኤል ብለው ደነገጉት፤ ገንዳውንም አጥበው በዚሁ ሕግ ያቆዩዋቸውን ሌሎች ዓሣዎች አስገቡበት። እንግዳን ተቀብሎ ማስገባት የለመደ ሰው እንግዳን ማግለል ሲማር፣ እኔ በዚያው ሰሞን ደረስኩ።

ራሴን ተላጨሁ፣ ልብሴ ተቀቀለ፣ የወስፋት መድኃኒት ዋጥኩ፣ ከአንገቴ እስከ እግሬ ድኝ በቫዝሊን ተቀባሁ፤ መሽተቴን ለራሴም አልቻልኩትም። ያስገቡኝ ከግቢው ጥግ፣ ከሰል ይቀመጥባት የነበረች፣ የቆርቆሮ በር ያላት ክፍል ውስጥ ነበር። እትዬ ብርቄ ከሌላው ዕቃ እንዳይቀላቀል ኩባያዬ ጆሮ ላይ ቀይ ክር አሰሩ። ምግብ በሰዓቱ ይመጣል፣ ትኩስ ነው፣ ይበቃል፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሰው ይሄዳል። የአጎቴ ልጆች አልማዝና ግርማ በበሩ ስንጥቅ ተራ በተራ ያዩኛል፤ ዓይናቸው እንጂ ሌላው አካላቸው ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር። መርካቶ ከግንቡ ማዶ ይጮሃል፤ ተሸካሚው መንገድ ልቀቁ ይላል፣ ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል፣ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ስሜን የሚጠራኝ ሰው አልነበረኝም።

በዚህ መሐል ጋሼ ሌላ ዓሣ ገዙ። የክፍሏ ግድግዳ ከማድ ቤቱ ጋር የተያያዘ ስለነበር ይሞቃል፤ ዓሣው ሙቀት ይፈልጋል ብለው በአንድ ትልቅ የከረሜላ ብልቃጥ አድርገው እኔ አጠገብ አስቀመጡት። እንደ እኔ ኩባያ የእሱም ጣሳ ላይ ቀይ ክር አሰሩ። ብርቱካንማ ነው፤ ግራ ክንፉ ጫፍ ላይ ጥቁር ምልክት አለችው። እንግዲህ ሁለት ሆንን።

ከዚያ በኋላ ጋሼ መኩሪያ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ከራት በፊት፣ የእጅ ባትሪያቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ። የሳሙና ሣጥን ላይ ቁጭ ብለው ብልቃጡን ከዚህም ከዚያም ያበሩበታል፤ ክንፉን፣ ጅራቱን፣ የሚተነፍስበትን ያያሉ። ከሥር ያለውን ቆሻሻ በቀጭን ጎማ ስበው ያወጡና ያደረ የቧንቧ ውሃ ይጨምሩለታል። የተቀቀለ እንቁላል አስኳል በጣታቸው ፈርፍረው ያበሉታል፤ ረቡዕም አርብም ሳይል ስለሚበላ እትዬ ብርቄ ከደጅ ሆነው ያጉረመርማሉ። ይህ ሁሉ ሲያበቃ እጃቸውን ይታጠቡና ባትሪውን ወደ እኔ ያዞራሉ።

«የሺ፣ እስኪ ጣቶችሽን ዘርጊ» ይሉኛል። እዘረጋለሁ። እያንዳንዱን የጣት መሐል ሳይቸኩሉ፣ ዓይናቸውን አጥብበው ያዩታል። ባትሪው ጠፍቶ እንኳ ቶሎ አይነሱም፤ ስለ እናቴ ያወሩኛል። ልጅ ሳለች ወንዝ ወርዳ የያዘቻትን ትንሽ ዓሣ በቅል ውሃ አድርጋ ቤት አምጥታ እንደነበር፣ አባታቸው ቅሉን ሊደፉት ሲሉ ሌሊቱን አቅፋው እንዳደረች የሰማሁት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። እሳቸውም ስለ እህታቸው የሚያወሩት ሌላ ሰው ያላቸው አይመስለኝም። እዚያ ቤት እናቴን የሚያውቋት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

እኔ ግን ልቤ ውስጥ የራሴን ውል ተዋውዬ ነበር። ዓሣው ድኖ ከገባ እኔም እገባለሁ፤ ከሞተ ወደ ጎጃም፣ ማንም ወደሌለበት ቤት ይመልሱኛል። ይህን የነገረኝ ሰው የለም፤ ግን ልጅ ለብቻው ሲቀመጥ ሕግ አውጪም ዳኛም ራሱ ነው። ጠዋት ስነሳ ከራሴ በፊት እሱን አያለሁ። ሚካኤል ሲቃረብ አንድ ጠዋት ጅራቱ ላይ ነጭ ነጥብ አየሁ፤ እስከ ማታ ነጥቦቹ በረከቱ። ጋሼ ባትሪውን አብርተው ነጥቦቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ጨው ለክተው በውሃ አሟሙተው ቀስ እያሉ ጨመሩለት፣ ብልቃጡንም ይበልጥ ወደ ሞቃቱ ግድግዳ አስጠጉት። «ይድናል?» ብዬ ስጠይቃቸው «በጊዜ አይተንለታል፤ ለብቻው መሆኑ በጀ» አሉኝ። ያን ማታ ጣቶቼን ሳይጠይቁኝ ዘረጋሁላቸው። ንጹሕ ነበሩ።

የሚካኤል ዕለት እትዬ ብርቄ ራሳቸው በሩን ከፈቱ። በፀሐይ ብርሃን እጄን፣ ክርኔን፣ ጸጉሬን አገላብጠው አዩና አዲስ ቀሚስ አለበሱኝ፤ ኩባያዬ ላይ ያለውን ክር በጥርሳቸው በጠሱት። የዚያ ወር ጽዋ ተራው የእኛ ቤት ስለነበር ማኅበርተኛው ፊት አቁመው «የመኩሪያ እህት ልጅ ናት፣ ልጄ ናት» አሉ፤ ግንባሬንም ሳሙኝ። ሰው ሁሉ እልል አለልኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ያን ማታ በአልማዝና በግርማ መሐል ተኝቼ ማታ ማታ በጎማው የሚወርደውን ውሃ ድምፅ ሳጣው እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ዓሣው ሌላ ሚካኤል ተጨመረበት፤ ነጥቡ ከጠፋ በኋላ ነው የሚቆጠረው አሉ ጋሼ። እትዬ ብርቄ ደግሞ የዓሣ እከክ ሰውም ላይ ይወጣል የሚል እምነት ስለነበራቸው፣ ወደዚያች ክፍል እንዳልደርስ አጥብቀው ከለከሉኝ። ማታ ማታ ጋሼ ባትሪያቸውን ይዘው ሲገቡ፣ እኔ በቆርቆሮው በር ስንጥቅ አያቸዋለሁ፤ አልማዝና ግርማ እኔን ያዩኝ በነበረበት ስንጥቅ። የሳሙና ሣጥናቸው ላይ ቁጭ ብለው ብልቃጡን ያዩታል። አንዳንዴ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ስለ ማን እንደሚያወሩ ግን አይሰማኝም። ጨርሰው ሲወጡ ራሴን ዳበስ አድርገውኝ «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ፣ ግቢ ራት ቀርቧል» ይሉና ያልፋሉ። ጣቶቼን አይጠይቁኝም። ለምን ይጠይቁኛል? ድኛለሁ።

ዓሣውም ዳነ። በሚቀጥለው ሚካኤል ገንዳው ውስጥ ለቀቁት። በማግሥቱ ሱቁ ገብቼ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ አጣብቄ ያቺን ጥቁር ምልክት ስፈልጋት ቆየሁ፤ ሁሉም ብርቱካንማ ናቸው፣ ሁሉም ይሮጣሉ፣ ጥቁሯም ከጨዉ ይሁን ከምን እንጃ ደብዝዛለች። የትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ዓሣው ከዘመዶቹ ጋር ተቀላቅሏል፤ እኔም ተቀላቅያለሁ፤ ሁላችንም ደኅና ነን።

እዚያ ቤት አደግኩ፤ ተማርኩ፣ ተዳርኩ፣ ከልጆቻቸው ለይተውኝ አያውቁም። ጋሼ መኩሪያ ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ስለ እናቴ ዳግመኛ ቁጭ ብለው አላወሩኝም፤ ሱቅ አለ፣ እንግዳ አለ፣ ልጆች ይንጫጫሉ፤ ለብቻ የምንሆንበት ክፍል አልነበረንም። አሁን ጋሼም የሉም፣ እትዬ ብርቄም የሉም፣ ግቢው የነበረበት ቦታ ፎቅ ቆሞበታል። እናቴ አቅፋው ያደረችው ቅል መጨረሻው ምን እንደሆነ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።

ታክሲው ሲቆም ልጁ ፌስታሉን አቅፎ ወረደና በመስኮት «እሺ ማዘር፣ ለብቻቸው አደርጋቸዋለሁ» አለኝ። «ማታ ማታ ግን አጠገባቸው ቁጭ በል» አልኩት። መስማቱን እንጃ።

ቤቴ ገብቼ መብራቱን አበራሁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ የምኖረው ብቻዬን ነው፤ ልጆቼ በስልክ ደኅና ነሽ ወይ ይሉኛል፣ ደኅና ነኝ እላቸዋለሁ፣ እውነቴንም ነው። የፈሰሰብኝን የዓሣ ውሃ ልታጠብ እጄን ወደ ቧንቧው አቀረብኩና፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከመታጠቤ በፊት ጣቶቼን አምፑሉ ሥር ዘረጋኋቸው። ንጹሕ ናቸው። የሚያይልኝ ሰው ስጠብቅ ትንሽ ቆየሁ፤ ከዚያ አጠፍኳቸው።