የተጻፈ ነው አትበዪኝ

ሽማግሌው ከሕሙማን ክፍሉ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጉንዳን እንደወረረው ሰው ቁጭ ብድግ ይላሉ። በሩ ጋ ይደርሱና ይመለሳሉ። ኮሪደሩን የምትወለውለው የጽዳት ሠራተኛ እንዲህ ሲሆኑ ስታያቸው ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ኮታቸው ተተኩሷል፤ የሸሚዛቸው ቁልፍ ግን ተዛንፏል። እጆቻቸው መሪ እንደያዘ ሰው እጅ ጉልበታቸው ላይ ወደ ግራ ይዞራሉ።

ዛሬ አላስቻላትም። «አባባ፣ ማንን ፈልገው ነው?»

«እኔ በነዳሁት አውቶቡስ እግሩን ያጣ ሰው እዚህ ተኝቷል። ፍርድ ቤቱ ጥፋቱ የፍሬኑ ነው ብሎ በነጻ ለቀቀኝ።»

«እንግዲህ የተጻፈ ነው፤ ምን ያደርጋሉ?»

«የተጻፈ ነው አትበዪኝ፣ ልጄ!» ብድግ አሉ። «ሚስቴም ጎረቤቱም ይህንኑ ይሉኛል። መሪው እኮ በእኔ እጅ ነበር፤ ወደ ግራ መጠምዘዝ እችል ነበር።»

«ታዲያ ጥፋተኛ መባል ይሻልዎታል?»

«ይሻለኛል! ያን ቀን መምረጥ ካልቻልኩ፣ ዛሬስ ይቺን በር በምን አቅሜ እከፍታታለሁ?»

ባልዲዋን ጎትታ መንገድ ለቀቀችላቸው። እሳቸውም ላባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው አንኳኩ።

«ማነው?» አለ ከውስጥ የደከመ ድምፅ።

«እኔ ነኝ፣ ሾፌሩ» አሉና ገቡ።