ዥዋዥዌው ጫፍ ላይ ቀረን

በጦርነቱ ዘመን ለአረፋ በዓል መርሳ ገበያ ላይ እንደ መንኮራኩር ወደ ላይ በእጅ የሚዞር ትልቅ ዥዋዥዌ ተተከለ። ከአክስቴ ጋር ተሳፈርኩ። አዟሪው እኛን ጫፍ አድርሶ፣ ከታች ሌሎች እስኪሳፈሩ በገመድ አሰረው። ወዲያው አንድ ነገር ፈነዳ። ገበያተኛው "ጦርነቱ መጣ" ብሎ መሮጥ ጀመረ፤ አዟሪው ሁሉንም ቀደመ።

እኔ ግን ከላይ ሆኜ አየሁት፤ አስፋልቱ ላይ የፈነዳው የአውቶቡስ ጎማ ነው።

"አክስቴ፣ ጎማ ነው" አልኩ በቀስታ።

"ለእነሱ ንገሪያቸው እንጂ! እዚሁ ልናድር ነው?" አለች ጉንፋን በዘጋው ድምጿ።

"አፍራለሁ።"

"ወላሂ እወረውርሻለሁ።"

በሕይወቴ ጮኼ አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ባለኝ አቅም ሁሉ "ጎማ ነው፣ ተመለሱ!" አልኩ።

ስገልጥ፣ ቆመው የነበሩትም ቃሉን ሳይለዩ ጩኸቴን ብቻ ሰምተው እየሮጡ ነበር። አክስቴ አፌን በሻርፗ አፈነችው።