ጉባኤው ዝም ሲል ልጄ ተናገረች

የተወደዳችሁ የፒያሳ ወገኖቼ፣ ጌታ ለልጄ ለሶሲ ያደረገውን ይዤ ዝም ማለት አቃተኝ! መድረኩ ላይ ቆሜ ብናገረው እንዴት ደስ ባለኝ፤ ግን ኩዌት ሰው ቤት ሥራ ላይ ነኝና እህቴ ገነት ታንብብልኝ።

ወሬውን የሰማሁት ልብስ ስተኩስ ነው። ገነት ደውላ «አትደንግጪ፣ ሁላችንም ደህና ነን» ስትለኝ ያኔ ደነገጥኩ! ከቤታችን ሥር ባለው ዳቦ ቤት የጋዝ ሲሊንደር ፈንድቶ መስኮታችን ሁሉ ረግፏል። ጌታ ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። «ሶሲን አገናኚኝ» አልኳት። ትንፋሿ ብቻ ይሰማኛል። ያቺ በአራት ዓመቷ ከወያላ ጋር የምትከራከር ልጄ አንዲት ቃል አልወጣት አለ።

ከዚያ ወዲያ ዝም አለች። አልጋዋ ላይ መሽናት ጀመረች። ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ወያላው የታክሲውን በር ድው ሲያደርግ ገነት ቀሚስ ውስጥ ትወሸቃለች። ጎረቤት «ዓይነ ጥላ ነው» አለ። እናንተም ወገኖቼ፣ ወዳችሁ ከበባችኋት፤ እንደ ልማዳችን እጅ ጭናችሁ በታላቅ ድምፅ ጸለያችሁላት። እኔም በስልክ «ጩኹላት!» እያልኩ አለቅስ ነበር። እሷ ግን ጆሮዋን ይዛ ወንበር ሥር ገባች።

ሐኪም ዘንድ ተወሰደች። ሐኪሟ «ጆሮዋም አንደበቷም ደህና ነው» አለቻት ገነትን። «ልጅቷ ፈርታለች። ተናገሪ ብላችሁ አታስጨንቋት። መብላቷም መተኛቷም በለመደችው ሰዓት ይሁን። የሚጮህ ነገር ካለ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሯት።»

«ዶክተር፣ የኛ ቸርች እኮ ሁሉ ነገሩ ጩኸት ነው!»

ሐኪሟ ሳቀች። «ታዲያ ቀስ ብላችሁ ጸልዩላት። እግዚአብሔር አይሰማም እንዴ?»

ስሙ ይባረክ! ፓስተራችን ይህን ሲሰማ እሁድ ዕለት «ዛሬ ማይክ የለም» አለ። የልጆች አስተማሪዋ እህት ዘነበች ከሶሲ ጋር ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ በመጫወቻ እንጨቶች ቤት ትሠራለች፤ ቤቱ ቢፈርስም ምንም አትላትም፣ አብረው እንደገና ይሠሩታል። ጉባኤው በሹክሹክታ ይጸልያል። እንዲህ እሁድ ከእሁድ ቀጠለ። ታዲያ አንድ እሁድ ሶሲ ቀና ብላ ሁላችሁንም ዞር ዞር እያለች አየቻችሁና፣

«ለምንድን ነው ዝም ያላችሁት? ማንን ፈርታችሁ ነው?» አለች።

ሃሌሉያ! ክብር ለስሙ ይሁን! ፓስተሩ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ፣ እናንተ አፋችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ፣ እንባችሁ ብቻ ይወርድ ነበር አለችኝ ገነት።

አሁንማ ስልኩን አልለቅም ትላለች! አልፎ አልፎ ብርግግ ማለቱ አልለቀቃትም፤ አንቸኩልም። እናንተም ቤታችሁ ዝም ያለ፣ የሚበረግግ ልጅ ካለ አትቆጡት፤ እቀፉት፣ ሐኪም አሳዩት፣ ጌታንም እመኑት። ድምፅ የሌለውንም ጸሎት ይሰማል!

በዚያ እሁድ እልልታችሁን አፍናችሁ የያዛችሁልኝ ወገኖቼ፣ አንድ ልመና አለኝ። ዛሬ አውጡትና እልል በሉልኝ። ብቻ መጀመሪያ ለሶሲ ንገሯት።