ለቀብሯ ሳይሆን ለሕክምናዋ

ታላቅ እህቴን እታለም ነው የምላት። መቱ መናኸሪያ አጠገብ ልብስ ስፌት ቤት አላት። የሙሽራ ቀሚስ ስትሠራ እጇ የተመሰከረለት ነው፤ ከጎሬም ከኡካም ድረስ እየመጡ ያሰፏታል። እታለም አረቄ ትጠጣ ነበር። ይህን በግልጽ የምጽፈው ራሷ ጻፊው ስላለችኝ ነው። «ብቻ ታይፎይድ ነበረባት ብለሽ እንዳትጽፊ» ብላ አስጠንቅቃኛለች።

ለምን ጀመረች የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ባሏ ጥሏት ሄዶ ነው የሚሉ አሉ፣ ልጅ ስላልወለደች ነው የሚሉም አሉ። ባሏ ከመሄዱ በፊትም ትጠጣ ነበር። ወንድ ሲጠጣ ጠጪ ነው ይባልና ያልፋል፤ ለሴት ግን አንድ አሳዛኝ ታሪክ ካልተፈለገላት ሰው ደስ አይለውም። እኔ ምክንያቱን አላውቅም። የማውቀው ጠዋት ጠዋት አንድ መለኪያ ካልቀመሰች መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንደማትችል ነው።

አንድ ዓመት ፍልሰታ ሲገባ «በቃኝ» አለችና ለማንም ሳትናገር ተወችው። እኔም ደስ አለኝ። ግን እንቅልፍ አጣች፣ ላብ ያጠምቃት ጀመር፣ እጇ ስኒ መያዝ አቃተው። ከዚያ አንድ ረፋድ ላይ የደንበኛ ልክ እየወሰደች ሳለ ሜትሩን እንደያዘች ወደቀች። ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ ተገልብጧል። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫዋ ሥር ያዘ፣ ሌላዋ «በስመ አብ» እያለች ታማትባለች። እኔ ባጃጅ አስቆሜ ሆስፒታል ወሰድኳት።

የአእምሮ ሕክምና ነርሷ ከእኔ የማትበልጥ ወጣት ነበረች። ገና አንድ ሁለት ነገር እንደነገርኳት «መጠጥ ያቆመችው መቼ ነው?» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?» አልኳት።

«ለብዙ ዓመት የጠጣ ሰው ብቻውን በአንድ ጊዜ ሲያቆም እንዲህ ያደርገዋል። ሊገድልም ይችላል። ማቆም አለባት፣ ግን ሐኪም እየተከታተላት መሆን አለበት። ይሄ በሽታ ነው፤ ይታከማል።»

ስለ እህቴ አረቄ ሲወራ ኃጢአት፣ ውርደት፣ ዓይነ ጥላ ሲባል ሰምቻለሁ። ይታከማል ሲባል ስሰማ ግን ያ ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። ነርሷ እዚህ አረጋግተዋት ለረጅሙ ሕክምና ጅማ መሄድ እንደሚያስፈልጋት ነገረችኝ።

በማግስቱ አጎታችን ከጎሬ በሚኒባስ መጣ። አባታችን ከሞተ ጀምሮ የቤተሰቡ አባት እሱ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጅማ የሚባል ነገር አልሰማም» አለ። «ሴት ልጅ በመጠጥ ሆስፒታል ተኛች ከተባለ የማን ስም ነው የሚነሳው? ጸበል እንወስዳታለን። ለጠየቀ ሰው ታይፎይድ ነው በሉ።»

እኔ መልስ ስፈልግ እታለም ቀደመችኝ። «ጋሼ፣ ጸበሉን እጠመቃለሁ፣ ደስ ብሎኝ። ግን እግዚአብሔርንም ታይፎይድ ነው ልበለው?»

አጎታችን ተነሥቶ ወጣ። እስከ ሕዳር ድረስ ቤታችን አልመጣም።

ቀጥሎ የገንዘቡ ነገር መጣ። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ነን፣ መዋጯችንን በየዓመቱ ከፍለናል። የሪፈር ወረቀቱን ይዤ የሄድኩበት ቢሮ ውስጥ ያገኘሁት ሰው አንብቦ ሲጨርስ ዓይኑን አነሣ።

«የአልኮል ሱስ ይላል እኮ።»

«አዎ።»

«ሰው በገዛ እጁ ላመጣው ነገር መድን አይከፍልም።» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ «ሌላ በሽታ አጽፈሽ ነይ፤ ነርቭ ምናምን። ለእናንተም ለስማችሁ ጥሩ ነው» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሊረዳኝ ነው የፈለገው። እኔን ያናደደኝም ይኸው ነው፤ ሁሉም የሚረዳን እንድንዋሽ በማድረግ ነው።

«አይከፍልም የሚለውን ደንብ አሳየኝ» አልኩት። መሳቢያ ከፍቶ ዘጋ። ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናት አለኝ። ኮሪደሩ ላይ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ምሳ ሰዓት ሆነ፣ ሰው ወጣ፣ ተመለሰ፣ እኔ አልተነሣሁም። ኃላፊዋ ስትመጣ በኦሮምኛ ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ፣ በኦሮምኛ ነገርኳት። ወረቀቱን ቆማ አነበበችው።

«ሐኪም በሽታ ነው ብሎ ፈርሟል፤ እኛ ምን አገባን?» አለችና ማኅተሙን አስመታችልኝ።

መድኑ ሕክምናውንና አልጋውን ይሸፍናል። የመኪናውን፣ አስታማሚ ሆኜ ጅማ የምከርምበትን ቤት፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ጠፍቶ ውጭ የሚገዛ መድኃኒትን ግን አይሸፍንም። ስፌት ቤቱ ተዘግቷል፤ ሌላ ገቢ የለንም። ስለዚህ ዕድራችን ዘንድ ሄድን።

እሑድ ነበር፣ ከቅዳሴ በኋላ። እታለም ከሆስፒታል ወጥታ መድኃኒት እየወሰደች ነበር፤ ቤት ሁኚ ብላት እንቢ ብላ አብራኝ መጣች። ተራዬ ሲደርስ ቆምኩና እንዲህ አልኩ፦ «እህቴ ብትሞት ድንኳን ትጥላላችሁ፣ ንፍሮ ትቀቅላላችሁ፣ ለእኔም ብር ትሰጡኛላችሁ። ከዚያ ላይ ግማሹን አሁን ስጡኝና ጅማ ላሳክማት።»

የዕድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ደንባችን ለሞተ ነው። ደግሞ ለሌላ ሕመም ቢሆን እሺ… ይሄ…»

«ይሄ ምን?» አለች እታለም ከተቀመጠችበት ተነሥታ። ትከሻዬን ይዛ ነው የቆመችው። «ጋሼ፣ ይጨርሱት እንጂ። ይሄ አረቄ ነው። የጠጣሁት እኔ ነኝ። እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ አብሮኝ የጠጣ አለ፤ አላስቆመውም። የልጆቻችሁን የሠርግ ልብስ የሰፋሁት ግን እኔ ነኝ፣ ሰክሬም ቢሆን ቀጥ አድርጌ ነው የሰፋሁት። አሁን መዳን እፈልጋለሁ። ይሄን ስለጠየቅኩ አላፍርም።»

አንዲት እናት ከሴቶቹ መሀል «ዱጋ ኬቲ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ ጮክ ብለው፤ እውነትሽን ነው ልጄ ማለታቸው ነው። እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ አልሆነም።

ዳኛው አዘኑ፤ እኔ ግን ተናድጄ «እንግዲያው ከዕድሩ እንወጣለን» ልል ስል እታለም እጄን ጨመቀችኝ። «እኔ አልወጣም» አለች። «በየወሩ እየመጣሁ እከፍላለሁ። በየወሩ ታዩኛላችሁ።»

ከግቢው ስንወጣ እኚያ እናት በር ላይ ጠበቁን። ከእሳቸው ጋር ከስፌት ቤታችን ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጠው የስልጤ ነጋዴ ነበረ። «ለድንኳን ከማዋጣ ለመኪና ባዋጣ ይሻለኛል» አለና ከኪሱ አወጣ። ሁለት ሦስት ሴቶችም ተከትለው መጡ። የወንድ ልጅ አረቄ ያቃጠላቸው ናቸው። በቂ አልነበረም፤ ለመነሻ ግን ሆነን። የቀረውን የእጅ ወርቄን ሸጬ ሞላሁ።

ከበደሌ እስከ ጅማ ያለው መንገድ ለታማሚ ከባድ ነው፤ እታለም መስኮቱን ተደግፋ ሄደች። በሕክምናው ጊዜ የሆነውን ሁሉ አልጽፍም። መጀመሪያ ላይ ውሰጂኝ ብላ ለመነችኝ፣ ሰደበችኝም። ቆይቶ ምግብ ጠየቀች። ሌላ ጊዜ ሄጄ ሳያት ለአንዲት ታማሚ የተተረተረ ቀሚስ በመርፌ ስትጠቅም አገኘኋት፤ እጇ ጸጥ ብሎ።

ተፈውሳ መጣች፣ አለቀ ብል ውሸት ይሆናል። በዓመቱ አንድ ሠርግ ላይ ቀመሰችና ሳምንቱን ሙሉ ጠጣች። አጎታችን ደውሎ «አላልኩም ነበር?» አለ። እታለም ስልኩን ከእጄ ተቀበለች። «ብለዋል ጋሼ። የስኳር በሽተኛም ስኳሩ ከፍ ሲልበት እንደገና ይታከማል። እኔም ልሄድ ነው» ብላ ዘጋችው። ራሷ ሻንጣዋን አዘጋጅታ፣ ራሷ ሪፈሯን አሳድሳ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ክትትሏ እዚሁ መቱ ነው፣ ያችው ነርስ ዘንድ።

አሁን ወደ ስፌት ቤቱ ልክ ለማስወሰድ ያልመጡ ሰዎች ይመጣሉ። በቀደም አንዲት ሴት ከኡካ መጣች። ጨርቅ እየነካካች ቆየችና ሌላ ደንበኛ ሲወጣ ጠብቃ «እህቴ፣ የሪፈር ወረቀቱን ያገኛችሁት የት ነው?» አለች በሹክሹክታ። የሚጠጣው ባሏ ነው። ማንም ሳያየኝ ከጓሮ እንነጋገር ብላ ለመነች።

እታለም ወንበር ስባ በሩ አጠገብ፣ መንገዱ ላይ ሰው በሚያልፍበት በኩል አስቀመጠቻት። «እዚሁ ቁጭ በይ» አለቻት። «የሰረቅሽው ነገር የለም።» ከዚያ የሚሄዱበትን ቦታ በየተራ ነገረቻት፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያ መድኑ ቢሮ፤ ማን ምን እንደሚላት፣ እሷም ምን ብላ እንደምትመልስ። ባሏም መጠጡን በገዛ ፈቃዱ ብቻውን በአንድ ጊዜ እንዳያቋርጥ አስጠነቀቀቻት። ሴትየዋ መጀመሪያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ነበር የምትሰማው። ቆይታ ገለጥ አደረገችው። ከጨረሱ በኋላ እታለም ስፌት ቤቱን ለእኔ ትታ ባጃጅ ጠራች፤ ሁለቱም ተሳፍረው ነርሷን ሊያነጋግሩ ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ።