የፌሊዝሚና አሸዋ

መንደራችን ኮላሬስ ውስጥ ፌሊዝሚናን የማይፈሯት ቄሱ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ቢሆኑ ስትናዘዝ ፈንጠር ብለው ነው የሚቀመጡት። ባሏ ልጅ ሳይተውላት ሞቶ፣ ከውቅያኖሱ ዳር ያለውን የወይን ቦታዋን ብቻዋን ስትቆፍር የኖረች ሴት ናት። እኔ ጎረቤቷ ነበርኩ። ሁለቴ መትታኛለች፤ አንዱ ይገባኝ ነበር።

ንጉሡ ሊዝበን ላይ በጥይት በተገደሉበት ዓመት፣ መንግሥት የወይናችንን ስም በሕግ ሊያጥር ተነሣ። ሥሩ አሸዋውን ዘልቆ ከታች ያለውን ጭቃ የጨበጠ ወይን ብቻ «ኮላሬስ» ይባላል፤ የቀረው ተራ ወይን ነው። ከተማው ቪላ እየሠራ ወደ እኛ ይገፋ ስለነበር፣ ከወሰኑ የወጣ መሬት ለሀብታም ቤት መሥሪያ ከመሆን አይተርፍም። ፌሊዝሚና ይህን ስታስብ እንቅልፍ አጣች።

የባሏ ወንድም ባልታዛር ደግሞ መሬቱ አሸዋ የሌለው ድንጋያማ ነው። ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከባሕሩ ዳር አሸዋ በአህያ አጋዘና ማሳውን አለበሰው!

ወሰኑን የሚያበጀው የመንግሥት መርማሪ መጥቶ «ቆፍራችሁ ጭቃውን አሳዩኝ» ሲል፣ ባልታዛር ዶማውን ይዞ ባዶ ራሱን መቆፈር ጀመረ። እኛ አሸዋ ስንቆፍር ራሳችን ላይ ቅርጫት እንደፋለን፤ አሸዋው ቢናድብን ቅርጫቱ ውስጥ የምትቀረው አየር ናት ነፍስ የምታቆየው።

ፌሊዝሚና በሳቅ ፈነዳች። «አንተ ቀጣፊ፣ ቅርጫትህስ?»

«ወንድ ልጅ ቅርጫት አይደፋም!»

«ቁርጭምጭሚት ለማይደርስ አሸዋ ቅርጫት ምን ያደርግልሃል!» ዶማውን ነጥቃ አንድ ጊዜ ብታሳርፈው ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ጮኸ።

ባልታዛር አበደ። ዶማውን መልሶ ነጠቀና በእጀታው ቀኝ ክንዷን ሲላት፣ አጥንቱ ሲሰበር ሁላችንም ሰማን። እሷም ጆሮውን ነክሳ ቁራጩን ተፋችው። ላገላግል ገብቼ ሁለቱም ደበደቡኝ።

መርማሪው ፊቱ ነጥቶ፣ «ያንቺንም ዛሬ ካላየሁ ከወሰኑ ውጭ ነው» አላት።

«ፌሊዝሚና፣ ተይ፣ በዚህ ክንድሽ!» አልኳት።

«አንተ አርፈህ ቁም!»

ቅርጫቷን ደፍታ ማሳዋ ውስጥ ወደ ጀመረችው ጥልቅ ጉድጓድ ወረደች፤ በግራ እጇ ቆፈረች። «ጭቃ!» ስትል ሰማናት። ወዲያው አሸዋው ተናደና ዋጣት።

ሁላችንም ባልታዛርን አየነው። ብትሞት ወራሿ እሱ ነው። ደሙ በአንገቱ እየወረደ ዝም ብሎ ቆመ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያኔ ልገድለው ፈለግሁ። ከዚያ ባዶ ራሱን ጉድጓዱ ውስጥ ዘለለና እንደ ውሻ በእጁ ይዝቅ ጀመር።

ስትወጣ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። ጭቃውን በጡጫዋ እንደያዘች መርማሪውን «ትከል!» አለችው። የወሰኑን ችካል ማሳዋ ላይ ተከለ።

ማታ ክንዷ ታስሮ ባልታዛርን አስጠራችው። «ቂል፣ ብትተወኝ እኮ መሬቱ ያንተ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «የዘገየሁት ለዚሁ ነው።»

በግራ እጇ በጥፊ አጮለችውና፣ «ተቀመጥ፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል» አለችው።