ድንበሩን የገፉበት ሰውዬ

አባቴ ቡሬ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነበረው። ቪዲዮ ቤት ስል አዳራሽ እንዳይመስላችሁ፤ ከእህል መጋዘናችን ጀርባ ያለች፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረባት፣ በርበሬና ጆንያ የምትሸት አንዲት ክፍል ናት። ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፣ ካሴት የሚያጫውተው ዴክ ከሥሩ። አባቴ ደግሞ እንጨት ይዞ ከጎኑ ይቆምና የፈረንጆቹን ንግግር ወደ አማርኛ ይመልሳል። እንግሊዝኛ አያውቅም። ይህ ግን አንድም ቀን ሥራውን አስተጓጉሎበት አያውቅም።

ከካሴቶቹ ሁሉ የሚወደው አንድ አስፈሪ ፊልም ነበር፤ ሽፋኑ የጠፋ፣ ርእሱን እንኳ ማንም የማያውቀው። ወጣቶች ገጠር ሄደው ድንኳን ይተክላሉ፤ ከዚያ ማጭድ የያዘ ሰው አንድ በአንድ ይፈጃቸዋል። ፊቱ አይታይም፤ የሚታየው ጭቃ የበላው ቦት ጫማው ብቻ ነው። እናቴ ጩኸቱን ስትሰማ "አዑዙ ቢላሂ! ያንን ሰይጣንህን ዛሬም ከፈትከው?" ብላ በሯን ትዘጋለች። እኔ ግን ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ በጣቶቼ መሀል አየዋለሁ።

መጀመሪያ ያሳየው በገበያ ቀን ነው። እህላቸውን ሸጠው የገቡት ገበሬዎች ፊልሙ ሲጋመስ አላስችል አላቸው። ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ተነሡና፣ "ቆይ እስቲ፣ ይህን ሰውዬ ምን በድለውት ነው? ሰው እንዲያው ከሜዳ ተነሥቶ ሰው አይፈጅም እኮ!" አሉ። አባቴ እንጨቱን ወደ ድንኳኑ ቀሰረና፣ "ድንበሩን ገፍተውበት ነዋ! አጥሩን አያዩትም? መሬቱ የአባቱ ነው" አለ። ቤቱ በሙሉ "እህ!" አለ። ለጎጃም ገበሬ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ፊልሙ የድንበር ክርክር ሆኖ ቀረ። ከሞት የተረፈችው ልጅ መጨረሻ ላይ ወደ አስፋልቱ ስትሮጥ አባቴ "ሽማግሌ ልትጠራ ነው" ይላል። ቴሌቪዥኑ ከጠቆረ በኋላም ሽምግልናውን ይቀጥላል፤ ደም ይደርቃል፣ ድንበሩ በድንጋይ ይለያል፣ ሰውየው ማጭዱን መሬት ላይ ያኖራል። ገበሬዎቹ ያንን ሳይሰሙ ከአግዳሚው አይነሡም ነበር።

ዲሹ መጣ፣ ስልኩ መጣ፣ ቪዲዮ ቤቱም ተመልሶ መጋዘን ሆነ። አባቴ ወደ በቆሎ ንግዱ ዞረ፤ እኔም ፍኖተ ሰላም ሥራ ይዤ እዚያው ቀረሁ።

ባለፈው ክረምት አባቴን ስትሮክ መታው። እግሩ ቶሎ ተነሣ፣ ምላሱ ግን እንደታሰረ ቀረ። ሐኪሙ "ንግግሩ ሊመለስ ይችላል፤ ግን ራሱ መሞከር አለበት፤ ዝምታውን ከለመደው ያስቸግራል" አለን። አባቴ ደግሞ መሞከሩን ተወ። "አዎ" እና "ውሃ" ይላል፤ ሌላ የለም። ቃል ሲጠፋበት ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ቤት ሙሉ ሰው በምላሱ ብቻ ይዞ ያስቀምጥ የነበረ ሰው! ድምፁን ዳግመኛ የማልሰማው መስሎኝ ፈራሁ።

ካሴቱን ያገኘሁት መጋዘኑን ሳጸዳ ነው፤ ከአሮጌ ሚዛን ሥር ተወሽቆ። ፍኖተ ሰላም ይዤው ሄጄ ሰርግ የሚቀርጽ ጎረቤቴ ዘንድ ፍላሽ ላይ አስገለበጥሁት፤ ደግነቱ የድሮ ዴኩን አልጣለውም ነበር። እሑድ ከሰዓት ብቻዬን ተቀምጬ አየሁት። የሚናገሩትን እየተረዳሁ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሰውየው ለምን እንደሚገድል ፊልሙ አንድም ቦታ አይናገርም! ልጅቷ አስፋልቱ ላይ ትደርሳለች፣ አለቀ። ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ፣ በዘመኑ ቀዳሚ ነበር፣ ሰው ግን ዘነጋው እያሉ የሚቆጩ ጥቂት ወዳጆች አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ያ ቦት ጫማ ዛሬም ያስፈራል። እኔ ግን በሠሪዎቹ ተናደድሁ። ያንን ሁሉ ደም ሲያፈሱ አንድ የድንበር ነገር እንኳ ማሰብ አቃታቸው?

በሳምንቱ ፍላሹን ይዤ ቡሬ ሄድሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ስሰካው እናቴ አየችኝና "ደግሞ አንቺ ሰይጣኑን አመጣሽው?" አለች። በሩን ግን አልዘጋችም፤ መጥታ አባቴ አጠገብ ተቀመጠች። እኔ በእሱ ቦታ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆምሁ።

"አባ፣ ዛሬ ደግሞ እኔ ልመልስልዎ" አልሁት።

ፊልሙ የሚለውን እንዳለ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ መለስሁለት። ወጣቶቹ መጡ፣ ዘፈኑ፣ ድንኳን ተከሉ። አባቴ ዓይኑን አልነቀለም። ቦት ጫማው ድንኳኑ አጠገብ ሲደርስ ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ።

"ይህ ሰውዬ ማንነቱ አይታወቅም፤ የሚገድላቸውም እንዲሁ ነው" አልሁ።

"አይዶለም።"

እናቴ ደንግጣ ዞረች። እኔ ሪሞቱን ተጫንሁ፤ ፊልሙ ድንኳኑ ላይ ቆመ። አባቴ ጣቱን ወደዚያው ቀሰረ፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ቃሉ ግን አልመጣለት አለ። አሁን ወደ ግድግዳው ሊዞር ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥሁ። እሱ ግን ጭራሽ ተቆጣ። "ድን... ድንበር" አለ። ግንባሩ በላብ ራሰ። "ድንበሩን... ገፉበት።"

"መሬቱ የማን ነው፣ አባ?"

"የ... አባቱ" አለና ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣ። መጥቶ በክንዱ ገፋ አደረገኝ። ቦታው ነውና ዞር አልሁለት።

በተዘጋ በር ጀርባ ሆና ያንን ሁሉ ዘመን ስትሰማ የኖረችው እናቴ ዕንባዋን በሻሿ እየጠረገች "በል እንግዲህ ቀጥል" አለችው። "ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ አንነሣም።"